ብዕር ፍለጋ የወጡት አባት፤ ኢየሱስ ሞዐ ዘሐይቅ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ከሐይቅ ከተማ ሲደርስ በስተቀኙ ሰፊ ውሃ ያያል። የውሃው ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከፍ ባለበት ስፍራ 88 ሜትር እንደሚደርስ ተለክቷል። የሚገባበት ወንዝ አለው፤ በገጸ ምድር የሚወጣለት ግን የለም። ያገሩ ሰው ለውሃው ሌላ ስም ስላላወጣለት ውሃውም፣ ከተማውም፣ ገዳሙም ሐይቅ ይባላሉ። በስተሰሜን ምዕራብ የአምባሰል ተራሮች ቆመዋል። አምባሰል ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግሸንን፣ የውጫሌን ውል፣ ወይም በአገሩ ስም የተጠራውን የዜማ ቅኝት ነው። በውሃው መካከል ስለ ነበረው የጽሕፈት ቤት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ጽሕፈት ቤት ስል ዛሬ እኛ የምንመላለስበትን፣ ማኅተምና መዝገብ ያለበትን ክፍል ማለቴ አይደለም፤ ቃሉ በቀጥታ የሚለውን፣ የሚጻፍበትን ቤት ማለቴ ነው።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ስለ ድርሰት ትምህርትና ለዚሁ ሲባል ስለሚደረገው የአጭር ጊዜ የውጭ አገር ቆይታ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲያዝዙኝ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ዛሬ በየአህጉሩ ደራስያንን ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ተቀብለው ስለሚያስተናግዱት ተቋማት ለመጻፍ ነበር። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ የውጭ አገር ተቋም ውስጥ ለ4 ሳምንታት የጽሕፈት ትምህርት ተከታትዬአለሁ። ነገር ግን ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚያ ውሃ ይመለስ ነበር። ምክንያቱም በአገራችን ለመጻፍ ሲሉ አገር ለቀው ከሄዱት፣ ታሪካቸውም በጽሑፍ ከተረፈልን ሰዎች መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ በዚያ ኖረው በዚያ ያረፉት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ስለሆነም የእሳቸውን ሕይወት መተረኩን መረጥሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢየሱስ ሞዐ በ1214 ገደማ በዳህና ተወለዱ። ዳህና ዛሬ በዋግ ኽምራ ውስጥ የሚገኝ አገር ነው። ዘመኑ የዛጉዌ ነገሥታት ዘመን ሲሆን በዙፋን ላይ የነበሩት ንጉሥ ላሊበላ ነበሩ። ስለ ልጅነታቸው የምናውቀው ጥቂት ነው። ገድላቸው የተጻፈው ካረፉ ከሁለት ምዕት ዓመት ገደማ በኋላ ስለ ሆነ፣ እንደ ማንኛውም ገድል ለትሩፋታቸው እንጂ ለልጅነታቸው ዝርዝር አይጨነቅም። ይህ ገድል በ1965 ስታኒስላስ ኩር በተባሉ ሊቅ አዘጋጅነት ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በሉቫን ታትሞአል፤ ስለሆነም ዛሬ ከገዳሙ ውጭ ያለ አንባቢም ሊያገኘው ይችላል።

ገድሉ እንደሚለው ከቤታቸው ወጥተው ወደ ደብረ ዳሞ የሄዱት ዕድሜአቸው 30 ዓመት ሲሆን ነው። ይህ ነገር ቆም ብለን እንድናስብበት ያስፈልጋል። በአብነት ትምህርት ቤት ልማድ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ከቤቱ የሚወጣው ገና በልጅነቱ ነው። በ30 ዓመት የወጣ ሰው ግን በአገሩ ልማድ ባለ ትዳር፣ ባለ መሬት፣ ምናልባትም ሽምግልና የሚጠራ ሰው ሊሆን ይችል ነበር። እኔም ሠላሳን ያለፍሁ በመሆኔ፣ በዚህ ዕድሜ ከሥር ጀምሮ ተማሪ መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ በመጠኑ አውቃለሁ፤ በ4 ሳምንቱ ትምህርት እንኳ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ መምህር ጽሑፌን በቀይ ቀለም ሲያርመው ፊቴ ይቀላ ነበር።

ደብረ ዳሞ በትግራይ ምድር ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ነው። ገዳሙን በ6ኛው ምዕት ዓመት አቡነ አረጋዊ እንደ መሠረቱት ይነገራል። ወደ ላይ የሚወጣው በገመድ ብቻ ነው፤ ገደሉም 15 ሜትር ያህል ነው። ለሙያ ባልደረቦቼ ሲባል አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ በአምባው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተገነባበት፣ የጦጣ ራስ የሚባሉት የአግዳሚ እንጨቶች ጫፎች ከግንቡ ወጣ ብለው የሚታዩበት፣ የአክሱምን የሕንጻ ጥበብ ጠብቀው ከቆዩት እጅግ ጥቂት ሕንጻዎች አንዱ ነው። በ1948 ዲሬክ ማቲውስ የተባሉ እንግሊዛዊ አርክቴክት ጠግነውታል። ኢየሱስ ሞዐ በገመዱ ወጥተው የገቡበት ቤት ይህ ነው።

አበምኔቱ አባ ዮሐኒ ነበሩ። ኢየሱስ ሞዐ በእሳቸው እግር ሥር 7 ዓመት እንደ ቆዩ ይተረካል። የገዳም ረድእ ሕይወት የታወቀ ነው፤ ውሃ መቅዳት፣ እህል መፍጨት፣ እንጨት መልቀም፣ አረጋውያንን ማገልገል ነው። ጽሕፈት ከዚህ ሁሉ ሥራ በተረፈ ሰዓት የሚሠራ ነበር። ኢየሱስ ሞዐ ከሌሎቹ ረድኦች የተለዩት በዚህ ነው። ቁም ጸሐፊ ሆኑ፤ መጻሕፍትንም በብዛት ገለበጡ። በገድላቸውም ሆነ በኋላ ስለ እሳቸው በተጻፈው ሁሉ ከጸሎታቸው ቀጥሎ የሚነሣው የእጅ ጽሕፈታቸው ነው።

ቁም ጽሕፈት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ካልታወቀ የ7 ዓመቱ ቆይታ ትርጉም አይገባም። በአገራችን የብራና ሥራ እንደሚታወቀው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውሃ ውስጥ ከነከሩት በኋላ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጥሩታል። በውስጡ የቀረው ሥጋ ይፋቃል፤ ጠጉሩ ይላጫል፤ በድንጋይ ታሽቶ ይለሰልሳል፤ ከዚያም ይደርቃል። ከአንድ ቆዳ እንደ መጽሐፉ መጠን ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ቅጠል ቢወጣ ነው። ስለሆነም አንድ ወንጌል ለመጻፍ አንድ ሙሉ መንጋ ይታረዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅጠሉ በወስፌ ተወግቶ፣ ቀለም በሌለው ሹል ነገር መስመር ይሰመርበታል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተቀምሞ ለወራት ሲብላላ ይቆያል፤ ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መጀመሪያ ይጠበቃል። ጸሐፊው መቃውን ራሱ ይቀርጻል። ወረቀትና ጠረጴዛ የለም፤ ብራናው በጉልበት ላይ ይቀመጣል። አንድ ቃል የዘለለ ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ እንደ ገና ይጽፋል፤ ብራና ውድ ነውና አይጥለውም።

እዚህ ላይ አንባቢው ይህ መገልበጥ እንጂ ድርሰት አይደለም ሊል ይችላል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አስብ ነበር። ሆኖም መዝሙረ ዳዊትን ወይም ወንጌልን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ የጻፈ ሰው የዐረፍተ ነገርን ልክ፣ የቃልን ክብደት፣ የት ቆሞ የት እንደሚቀጥል በጣቶቹ ያውቀዋል። በዛሬው የድርሰት ትምህርት ቤትም ጀማሪው የታላላቅ ደራስያንን ገጾች በእጁ እንዲገለብጥ የሚያዝዙ መምህራን አሉ፤ እኔንም አዝዘውኛል። በኮምፒዩተር ልሥራው ብዬ ስጠይቅ አይሆንም ተባልሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራው የሕፃን መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን የራሴን የድልድይ ጥናት ሪፖርት ሳነብ፣ አንዱ ዐረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ እንደሚሞላና ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ እንደማይታወቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

የቆይታውን ርዝመት ግን ማነጻጸር ያሳፍራል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1959 በዩኔስኮ የትምህርት ዕድል ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትርና ፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ሄደው የቴአትር ጥበብን ያጠኑት አንድ ዓመት ላልሞላ ወይም ለጥቂት ለበለጠ ጊዜ ነው፤ በዚያ አጭር ጊዜ ያዩትንም ይዘው ተመልሰው በአገራችን መድረክ ላይ ምን እንዳደረጉ ሁላችንም እናውቃለን። በ1967 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የደራስያን ፕሮግራምም እንግዶቹን የሚያቆየው ለጥቂት ወራት ነው። አጭር ቆይታ ከንቱ ነው አልልም፤ የጸጋዬ ሥራ ይህን እንዳልል ይከለክለኛል። ግን ጸጋዬ ሲሄዱ አስቀድመው የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ የሄዱትም ያላቸውን ለመሞረድ ነው። ኢየሱስ ሞዐ ግን የሄዱት የሌላቸውን ለማግኘት ነበር፤ 7 ዓመትም የፈጀባቸው ስለዚህ ይመስለኛል።

ከዳሞ በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ዳህና አልተመለሱም። ገድሉ መልአክ እየመራቸው ወደ ሐይቅ እንደ ደረሱ ይናገራል። የታሪክ ሊቃውንትም ወደ ሐይቅ የገቡበትን ጊዜ 1248 ያደርጉታል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1970 ባሳተሙት ጥናት ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች በቅደም ተከተል መርምረዋል፤ ዝርዝሩም የሚጀምረው በኢየሱስ ሞዐ ነው። መደመር የለመደ ባልደረባዬ ግን አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። 1214 ላይ 30 ሲደመር፣ በዚያ ላይ ደግሞ 7 ሲጨመር 1251 ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ይተርፋል። እንዲህ ያለው ልዩነት በዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ የተለመደ ነው። የገድል ጸሐፊ 30 ሲል ክርስቶስ የተጠመቀበትን ዕድሜ፣ 7 ሲልም የፍጹምነትን ቁጥር ማሰቡ ሳይሆን አይቀርም፤ የቅየሳ መሣሪያ ይዞ አልጻፈም።

በሐይቅ ደሴት ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን እሳቸው ከመድረሳቸው አስቀድሞ ነበረ። ትውፊቱ አመሠራረቱን እስከ ንጉሥ ድል ናኦድ ዘመን ያደርሰዋል። ቤተ ክርስቲያኑን የሚያገለግሉት ግን ትዳር ያላቸው ካህናት እንጂ በማኅበር የሚኖሩ መነኮሳት አልነበሩም። ኢየሱስ ሞዐ የገዳም ሥርዓት አቆሙ፤ ሴቶች ወደ ደሴቲቱ እንዳይገቡ ተደረገ፤ ይህም ሥርዓት ጸንቶ ቆየ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ትምህርት ቤት ከፈቱ።

የዚህን ነገር ክብደት ለማወቅ ካርታ መዘርጋት ይበቃል። ከሐይቅ እስከ ደብረ ዳሞ በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ330 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በእግር፣ በገደልና በወንዝ የሚሄደው ሰው መንገድ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይረዝማል። በ13ኛው ምዕት ዓመት በአማራና በሸዋ ያለ ወጣት ከፍ ያለ የገዳም ትምህርት ቢመኝ ያ ሁሉ መንገድ ይጠብቀው ነበር። ብዙዎቹ ከመንገዱ የተነሣ ምኞታቸውን እንደ ተዉት መገመት አይከብድም። ኢየሱስ ሞዐ ሩቅ ሄደው የተማሩትን ለደቡቡ ሰው አቀረቡለት። ከእሳቸው በኋላ የሸዋ ተማሪ ከሐይቅ ዳር ሲደርስ የሚሻውን ያገኝ ጀመር። ገዳሙ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ አጠገብ መሆኑም ረድቶአል።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ የሚታወቁት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ ተነሥተው ሐይቅ ደርሰው በኢየሱስ ሞዐ ዘንድ 9 ዓመት እንደ ተማሩ ይነገራል። ከዚያም መምህራቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ፤ ወደ ሸዋም ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ እሱም በ15ኛው ምዕት ዓመት ደብረ ሊባኖስ ተብሎአል። ሌላው ደቀ መዝሙር አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው የዳጋን ገዳም እንደ መሠረቱ ይታመናል። የዳጋውም ደብር እስጢፋኖስ መባሉን ልብ ይሏል፤ ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ደብር ስም ይዞ ወደ ሌላ ውሃ መካከል ገባ ማለት ነው።

በሐይቅና በደብረ ሊባኖስ ልጆች መካከል ለብዙ ዘመን የዘለቀ የቅድምና ክርክር ነበር። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ተክለ ሃይማኖት ቀሚስና ቅናትን ከኢየሱስ ሞዐ እንደ ተቀበሉ ነው። የደብረ ሊባኖስ ወገን ግን ቆብና አስኬማን በዳሞ ከአባ ዮሐኒ ተቀብለው ሲመለሱ፣ ያንኑ ለቀድሞው መምህራቸው ለኢየሱስ ሞዐ ሰጡ ብሎ ይተርካል። እንዲህ ከሆነ መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ ደቀ መዝሙር ሆነ ማለት ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ፍርድ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ትረካው ራሱ ነው፤ አንድ መምህር ተማሪው ከሩቅ ያመጣውን ዝቅ ብሎ ሊቀበል እንደሚችል የሐይቅንም የሊባኖስንም አንባቢ ሳያሳፍር የሚናገር ነውና። በእኛ ዘመን አንድ ወጣት ባልደረባ ከውጭ ሲመለስ አለቃው ምን ተማርህ ብሎ የሚጠይቀው ስንት ጊዜ ነው? እኔ ስመለስ 14 ገጽ ሪፖርት ጽፌ አስገባሁ። ሪፖርቱ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። ጥፋቱ የሌላ ብቻ እንዳይመስል ይህንም ልጨምር፤ እኔም ለጎረቤት ጠረጴዛ ባልደረባዬ እንኳ አንዲት ነገር አላስተማርሁም።

የመንግሥት ታሪክም በዚህች ደሴት ላይ ጥላውን ጥሎአል። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በወጣትነታቸው በሐይቅ እንደ ተማሩና በ1270 ዙፋኑን ሲይዙ ኢየሱስ ሞዐ እንደ ደገፏቸው ትውፊቱ ይናገራል። በኋላ ዘመን ይህ ውለታ ለተክለ ሃይማኖት ተሰጥቶ በሰፊው ቢታወቅም፣ ቀደም ያለው ትውፊት የኢየሱስ ሞዐን ስም እንደሚያስቀድም ሊቃውንት አሳይተዋል። ገዳሙም ርስትና ክብር አገኘ፤ የሐይቅ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት የሚል ማዕርግ ይዞ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ተርታ ተቆጠረ። ይህ ሁሉ ለታሪክ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው አንድ መጽሐፍ ነው።

ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 አራቱን ወንጌላት የያዘ አንድ ብራና ለሐይቅ እስጢፋኖስ ሰጡ። የተሰጠበት ዘመን በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ ስለ ተገኘ፣ ዘመናቸው በእርግጥ ከታወቁት የግዕዝ መጻሕፍት መካከል ከጥንታዊዎቹ አንዱ ነው። በሥዕሎችም ያጌጠ ነው፤ ከሥዕሎቹ አንዱ የሰጪውን የኢየሱስ ሞዐን መልክ ያሳያል። በሕይወት ያለ ሰው ሥዕል በዚያ ዘመን ብራና ላይ ማየት ብርቅ ነው። በባዶ ገጾቹና በኅዳጎቹ ላይ ደግሞ የገዳሙ ንብረት፣ መጻሕፍቱ፣ የነገሥታቱ የርስት ስጦታ በየጊዜው ተመዝግቦአል። አንድ ወንጌል የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን መዝገብ ቤትም ሆነ ማለት ነው። የታሪክ ሊቃውንት ስለ 13ኛውና ስለ 14ኛው ምዕት ዓመት ከሚያውቁት ከፊሉ የተገኘው ከእነዚህ የኅዳግ ማስታወሻዎች ነው።

ለገዳም ወንጌል መስጠት ቀላል ስጦታ አይደለም፤ ከላይ የቆጠርነውን ቆዳና ድካም ማሰብ ነው። በዚያ ጊዜ ዕድሜአቸው ወደ 70 ይጠጋ ነበር፤ በሐይቅ ከተቀመጡም ከ30 ዓመት በላይ ሆኖአቸው ነበር። በጉልበታቸው ብራና አስቀምጠው የጻፉበት የዳሞ ዘመን ሩቅ ነበር። ዙሪያቸውን ግን እሳቸው ያስተማሯቸው ነበሩ።

ገዳሙን ለ45 ዓመት መርተው በ1293 አረፉ። መታሰቢያቸው በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

ደሴቲቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አየች። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ጦር ወሎን ሲይዝ ወደ ደሴቲቱም ደርሶ የገዳሙን ሀብት ወሰደ፤ የአበምኔቶቹ ዝርዝርም በዚሁ ዘመን ይቋረጣል። የሐይቁም ውሃ በዘመን ብዛት ስለ ሸሸ ደሴት የነበረው ስፍራ ከየብስ ጋር ተገናኝቶአል፤ ኢየሱስ ሞዐ በታንኳ የገቡበትን ዛሬ በእግር ይገቡበታል። ወንጌሉ ግን ከዚያ ሁሉ ተርፎ እስከ 20ኛው ምዕት ዓመት ደረሰ። የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም እንዲነሡ ከ1973 ጀምሮ ሥራ ሲካሄድ ይህም መጽሐፍ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኝ የቤኔዲክት መነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እኔ ትምህርት በተከታተልሁበት ከተማ የነበረ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ያሳየኝ የዚህን ወንጌል ፎቶግራፍ ነበር። ያን ጊዜ በሐይቅ መንገድ ከአሥር ጊዜ በላይ ተመላልሼ ነበር፤ ወደ ገዳሙ ግን አንድም ቀን ጎራ ብዬ አላውቅም ነበር።